ሥቃይ እንደ ምስክር፦ ሕመም በጥንታዊት ግሪክ የሥነ ምግባር ፍልስፍና

በ399 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በአቴና ወህኒ ቤት፣ የሞት ፍርዱ የሚፈጸምበት ቀን በደረሰ ጊዜ የሶቅራጥስ እግር ከሰንሰለት ተፈታ። ሽማግሌው በአልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠና ብረት የያዘውን እግሩን እያሸ ስለ ሕመምና ስለ ደስታ ይናገር ጀመር። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰው አይመጡም፤ ይሁን እንጂ አንዱን አሳዶ የያዘ ሰው ሌላውንም ሳይወድ በግድ ይቀበላል፤ አካላቸው ሁለት፣ ራሳቸው ግን አንድ የሆነ ይመስላሉ አለ። ኤዞፕ ይህን አስተውሎ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ተረት ይወጣው እንደ ነበርም አከለ። ታሪኩን የሚነግረን ፕላቶ «ፌዶን» በተሰኘው ድርሰቱ ነው።

ስለ ነፍስ ሕያውነት የሚከራከር ያን ያህል ታላቅ ድርሰት ከአንድ ሽማግሌ እግር ሕመም መነሣቱ እንዲያው ያጋጣሚ ነገር ነው ብዬ አላምንም። በዚሁ መጽሐፍ ጥቂት ራቅ ብሎ እያንዳንዱ ደስታና እያንዳንዱ ሕመም ነፍስን እንደ ምስማር ከሥጋ ጋር ይቸነክራታል የሚል ሐሳብ ይመጣል። ማለዳ በፈገግታ የተወራለት ሕመም ክርክሩ ሳይጋመስ የነፍስ ጠላት ሆኖ ተከሰሰ ማለት ነው። ግሪኮች ስለ ሕመም ባሰቡባቸው ብዙ መቶ ዓመታት ሁሉ ይህ መንታ አቀባበል አልተለያቸውም።

ስለ ግሪክ ሥነ ምግባር የሚጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደስታ፣ ስለ በጎነትና ስለ መልካም ኑሮ በሰፊው ያትታሉ። ሕመምን ግን የደስታ ጥላ አድርገው ያልፉታል፤ ደስታ የተተነተነ እንደ ሆነ ሕመም በተቃራኒው ይታወቃል ብለው ይመስላል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንን ልማድ ነው። ሕመም በግሪክ ፈላስፎች ዘንድ ራሱን የቻለ ሥራ ነበረው፤ አንዳንዴ ሐኪም፣ አንዳንዴ አስተማሪ፣ አንዳንዴም ምስክር ሆኖ ቆሟል። ከሁሉ የሚያከራክረው ምስክርነቱ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ያሻል። ግሪኮች «ሊፔ» የሚሉት ቃል የሥጋንም ሕመም፣ የልብንም ኀዘን ይይዛል። «ፖኖስ» ደግሞ ልፋትም ሥቃይም ነው። በሬ የሚጎትተውን ቀንበርና በሽተኛ የሚያቃስትበትን ሌሊት አንድ ቃል ያገናኛቸዋል። እኛም ብንሆን ራሳችንን ሲያመን «አመመኝ» እንላለን፤ ሰው ክፉ ቃል ሲናገረንም እንዲሁ። ግሪኮች «ፓቶስ» ያሉትን የግዕዝ ሊቃውንት «ሕማም» ብለውታልና ሰሙነ ሕማማትን የሚያውቅ አንባቢ ቃሉ ከቁስል ያለፈ ስፋት እንዳለው ለመረዳት አይቸገርም።

ፕላቶ «ጎርጊያስ» በተባለው ድርሰቱ ሕመምን መድኃኒት ያደርገዋል። በደል የሠራ ሰው ቁስለኛ ወደ ሐኪም እንደሚሮጥ ወደ ዳኛ ሊሮጥ ይገባዋል፤ ግርፋት ቢሆን ግርፋቱን፣ እሥራት ቢሆን እሥራቱን ዓይኑን ጨፍኖ ይቀበል፤ የነፍሱ በሽታ ሥር ሳይሰድ ይፈወሳልና። ሐሳቡ ድፍረት አለው፤ ከመበደል መበደል ይሻላል ለሚሉ የዚያን ዘመን ኃይለኞች ሁሉ መልስ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ሐኪም በሽተኛውን ሲያሳምም የበሽታውን ምንነት አውቆ ነው፤ ዳኛውስ? ሕመሙ ፈዋሽ የሚሆነው ተቀባዩ በደሉን ሲያውቅ ነው ወይስ አለንጋው ሥጋውን ሲነካ? ፕላቶ በ«ፊሌቦስ» ሕመምን የተፈጥሮ ስምምነት መፍረስ፣ ደስታን ደግሞ ወደዚያ ስምምነት መመለስ ነው ብሎ ሲተነትን ትንታኔው የተጣራ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አይበቃም።

ጥያቄውን የሚያከብደው በአቴና ፍርድ ቤት ይሠራበት የነበረ ሕግ ነው። «ባሳኖስ» ማለት በመጀመሪያ ወርቅ የሚፈተንበት ጥቁር ድንጋይ ነበር። ቀጥሎ ቃሉ ፈተና ማለት ሆነ። ከዚያም ሰውን በሥቃይ መመርመር ማለት ሆነ። በአቴና ሕግ መሠረት ነፃ ሰው በቃሉ ሲመሰክር፣ የባሪያ ቃል ግን በመርሕ ደረጃ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው በሥቃይ ተመርምሮ የተገኘ እንደ ሆነ ብቻ ነበር፤ ለዚህም የሁለቱ ባለጉዳዮች ስምምነት ይጠየቅ ነበር። ነፃው ሰው እውነትን በአእምሮው ይዟል፤ ባሪያው ግን በሥጋው ይዞታልና ከሥጋው ይውጣ ማለት ነው። ተናጋሪዎቹ ሲጠቅማቸው ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ ማስረጃ የለም ይላሉ፤ ሲጎዳቸው ደግሞ የሚሠቃይ ሰው የሚያሠቃዩትን ደስ የሚያሰኝ ነገር ይናገራል ይላሉ። ይህን ሁለተኛውን ክርክር ንግግር ጸሐፊው አንቲፎን በነፍስ ግድያ ለተከሰሰ አንድ ሰው በጻፈው መከላከያ ውስጥ እናገኘዋለን። አሪስቶትልም በ«ሬቶሪካ» የተገደደ ሰው እውነት የሚናገረውን ያህል ሐሰትም እንደሚናገር ገልጧል።

ይህን ብሎ የጻፈው አሪስቶትል፣ በ«ፖለቲካ» መጽሐፉ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሮች ናቸው ያለውም እርሱ ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው አይመስልም። ከዚህ ተነሥቶ የግሪክን ሥነ ምግባር ሁሉ የባሪያ አሳዳሪዎች ማታለያ ነው ብሎ መጽሐፉን መዝጋት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ሂስ በየመድረኩ ሲነገር ሰምተናል። እኔ ግን ይህን ሂስ ሳይሆን ስንፍና እለዋለሁ። የባለቤቱን ዓይነ ስውርነት ማሳየት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ዕውሩ ሰው ያበጀው መነጽር ለሌላው ሊጠቅም ይችላል። አሪስቶትል ስለ ሕመም ካሰቡት ግሪኮች ሁሉ ይበልጥ ሐቀኛ የሆነው እንዴት እንደ ሆነ ቀጥለን እንመልከት።

«የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በተባለው ሥራው ሁለተኛ ክፍል አሪስቶትል የሰው ጠባይ የሚታወቀው በሥራው ላይ በሚደርብበት ደስታ ወይም ሕመም ነው ይላል። ራሱን ከምቾት የከለከለ ሰው በመከልከሉ ደስ ካለው ገር ነው፤ እየተንገበገበ ከተከለከለ ግን ገና ሆዳም ነው። ስለዚህ ትምህርት ማለት ልጅን ከትንሽነቱ ጀምሮ ደስ ሊለው በሚገባው ነገር ደስ እንዲለው፣ ሊያመው በሚገባው ነገር እንዲያመው ማልመድ ነው፤ ይህንም ሐሳብ ከፕላቶ እንዳገኘው አይሸሽግም። መምህራን ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። አሪስቶትል ተማሪው እንዳይታመም አይመኝም። ጥያቄው ምን ያመዋል የሚል ነው። በሌላ ሥራው መማር ራሱ ከሕመም ጋር የሚመጣ እንጂ ጨዋታ እንዳልሆነ አጭር ቃል ጥሎ አልፏል።

ስለ ጀግንነት ያለውም ከዚህ ይገጥማል። ጀግና የማይታመም ሰው አይደለም። ቡጢ ተጫዋች የአክሊሉ ተስፋ ያስደስተዋል፤ ቡጢው ግን ሥጋ ለለበሰ ሁሉ ያማል፤ ቡጢው ከመብዛቱ የተነሣ አክሊሉ የተሸፈነ ይመስላል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ሰው በጎነቱ በበዛ መጠን ሞቱ ይበልጥ ያሳምመዋል፤ ሊኖርበት የሚገባ ሕይወት ያለው እርሱ ነውና፣ የሚያጣውንም አውቆ ያጣዋልና። በዚህ ምክንያት ጀግንነቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ስለ ጀግኖች የሚጽፉ ደራስያን ገጸ ባሕሪያቸውን እየሳቁ ወደ ሞት ሲልኩ ይህን ገጽ ያነበቡ አይመስሉም። በመሣሪያ ላይ ተወጥሮ የሚሠቃይ ሰው በጎ እስከ ሆነ ድረስ ደስተኛ ነው የሚሉትንም አሪስቶትል ወደዱም ጠሉ ትርጉም የሌለው ነገር ይናገራሉ ብሎ አሰናብቷቸዋል።

አሁን ወደ መድረኩ እንሂድ። በ409 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሶፎክለስ «ፊሎክቴቴስ» በተባለው ትራጄዲ አንደኛ ሽልማት አገኘ። የሄራክለስን ቀስት የወረሰው ፊሎክቴቴስ ወደ ትሮይ ሲዘምት እግሩን እባብ ነደፈው። ጩኸቱ የመሥዋዕቱን ጸጥታ ስላወከ፣ የቁስሉም ሽታ ስለከፋ፣ ጓዶቹ በሌምኖስ ደሴት ጥለውት ሄዱ። አሥር ዓመት ብቻውን ኖረ። በመጨረሻ ያለ እርሱ ቀስት ትሮይ እንደማትያዝ በታወቀ ጊዜ ኦዲሴዎስ የአኪለስን ልጅ ኔዎፕቶሌሞስን ይዞ መጣ፤ ወጣቱ በሽተኛውን ዋሽቶ ቀስቱን እንዲወስድ መከረው። ወጣቱም ዋሸ፤ ተሳካለትም። ፊሎክቴቴስ አመነውና የሕመሙ ማዕበል በተነሣበት ጊዜ ቀስቱን አደራ ሰጠው። ከዚህ ቀጥሎ ሶፎክለስ የሚያደርገው ነገር በትያትር ታሪክ ውስጥ ብርቅ ነው። ሰውየው በመድረክ ላይ፣ በተመልካች ፊት፣ ይጮኻል፤ ቃል አልቆበት በድምፅ ብቻ ይጮኻል፤ ከዚያም ተዳክሞ ይተኛል። ኔዎፕቶሌሞስ ቀስቱ በእጁ ነው፤ መርከቡም ይጠብቀዋል። መሄድ ግን አቃተው። ኋላም ተመልሶ ቀስቱን ለባለቤቱ ሰጠ።

ወጣቱን ማን ለወጠው? ክርክር አይደለም፤ በጨዋታው ውስጥ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ኦዲሴዎስ ነው። አሪስቶትል በሥነ ምግባሩ ሰባተኛ ክፍል ይህንኑ ኔዎፕቶሌሞስን ሁለት ጊዜ ይጠቅሰዋል። በመጀመሪያው ቦታ ኦዲሴዎስ ካሳመነው ነገር የወጣው መዋሸቱ ስላመመው ነው፣ ስለዚህም ይመሰገናል ይላል። በሁለተኛው ቦታ ደግሞ ያስወጣው ደስታ ነበር፣ ግን መልካም ደስታ ነበር፣ እውነት መናገር ደስ ያሰኘው ነበርና ይላል። አንዳንዶች ይህን እንደ መዘንጋት ይቆጥሩታል። ለእኔ ግን ወህኒ ቤት ያየናቸው ራሳቸው አንድ የሆኑት ሁለቱ ፍጥረቶች ናቸው። ሁለት ሕመም በአንድ መድረክ ላይ ተገናኝቷል፤ የአንዱ በእግሩ፣ የሌላው በሐሰቱ። የእግሩ ሕመም ባይታይ ኖሮ የሐሰቱ ሕመም ባልተነሣ ነበር። እዚህ ሕመም ይመሰክራል፤ የሚመሰክረው ግን ማንም ወጥሮት አይደለም።

በነገራችን ላይ ይህ ጩኸት ለሥነ ጥበብ ሰዎች ትልቅ ክርክር አትርፏል። ጀርመናዊው ቪንከልማን በ1755 የላኦኮን ሐውልት እባቦች ተጠምጥመውበት ሳለ አፉን ከፍቶ የማይጮኸው የግሪክ ነፍስ ታላቅና ጸጥተኛ ስለ ነበረች ነው ብሎ ጻፈ። ሌሲንግ በ1766 መልስ ሰጠ፦ ግሪኮች መጮኽ አያፍሩም፣ ምስክሩም ፊሎክቴቴስ ነው፤ ሐውልቱ የማይጮኸው በድንጋይ ላይ የተከፈተ አፍ ለዘላለም ተከፍቶ ስለሚቀርና ስለሚያስቀይም ነው አለ። ተዋንያን ከቪንከልማን ይልቅ ሌሲንግን ቢያነቡ ይበጃቸዋል።

ኤፒኩሮስ (341–270 ከክርስቶስ ልደት በፊት) ሕመምን ከሁሉ ይበልጥ በግልጽ ክፉ ነው ያለ ፈላስፋ ነው። የደስታ ከፍተኛው ወሰን ሕመም ሁሉ መወገዱ ነው አለ። ከርሱ በፊት የነበሩት የቄሬና ሰዎች ተከታዮች ይህ የተኛ ሰው ወይም የሬሳ ደስታ ነው ብለው አፌዙበት። ማርክስ በ1841 የዶክትሬት ጽሑፉን ስለ ዴሞክሪጦስና ስለ ኤፒኩሮስ ሲያቀርብ ያተኮረው በአተሞች ላይ ስለ ነበር ይህን ጥያቄ በሰፊው አልነካውም። ኤፒኩሮስ ለሕመምተኛ የሰጠው ማጽናኛ ብርቱ ሕመም አጭር ነው፣ ረጅም ሕመም ቀላል ነው የሚል ነው። አሥር ዓመት በሌምኖስ የኖረው ሰው ቢሰማው ምን ይል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ትምህርቱ እዚህ ላይ ደካማ ነው። ሕይወቱ ግን ከትምህርቱ ይበልጣል። ሽንቱ ተከልክሎ አሥራ አራት ቀን ታሞ ሲሞት በጻፈው ደብዳቤ ሕመሙ የመጨረሻው ደረጃ ላይ መድረሱን አልካደም፤ ከወዳጁ ጋር ያደረጋቸውን ውይይቶች ማስታወሱ ግን ከሕመሙ አንጻር የቆመ ደስታ እንደ ሆነለት ገለጠ፤ የሟች ጓደኛውን የሜትሮዶሮስን ልጆችም አደራ አለ። በኑዛዜው ደግሞ አብሮት ይፈላሰፍ የነበረውን ሚስ የተባለውን ባሪያ ከሌሎች ሦስት ጋር ነፃ አወጣ። የባሪያ ቃል በሥቃይ ብቻ በሚሰማባት ከተማ፣ በዚያ የአትክልት ቦታ ባሪያ ይናገር ነበር።

ስቶይኮች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። በ300 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ዜኖን ያቋቋመው ይህ ትምህርት ቤት ክፉ ነገር የነፍስ ክፋት ብቻ ነው ስለሚል፣ ሕመም ባይመረጥም ክፉ አይደለም ብሎ አስተማረ። የዜኖን ተማሪ የነበረው የሄራክሌያው ዲዮኒስዮስ ግን በታመመ ጊዜ (አንዱ ምንጭ ዓይኑን፣ ሲሴሮ ኩላሊቱን ይላል) ትምህርቱን ተወ። ክርክሩ ቀጥተኛ ነበር፦ ብዙ ዓመት በፍልስፍና ቆይቼ ሕመሙን መቻል ካቃተኝ ሕመም ክፉ መሆኑ ተረጋግጧል አለ። የትምህርት ጓደኞቹ «የዞረው ሰው» ብለው ሰየሙትና ስሙ እስከ ዛሬ ተከትሎታል። በተቃራኒው በ62 ዓመት ገደማ ሮማዊው ጄነራል ፖምፔዮስ በሮዶስ ደሴት ፖሲዶኒዮስን ሊያዳምጥ ሲመጣ ፈላስፋው በመገጣጠሚያ ሕመም ተይዞ ከአልጋው ሆኖ አስተማረ፤ ሕመሙ በበረታ ቁጥር ንግግሩን ወደ ሕመሙ እያዞረ ክፉ መሆንህን አላምንልህም ይለው ነበር። ይህን ታሪክ ሁሉም የሚያነሣው ለማድነቅ ነው። እኔም አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ክፉ ካልሆነ ነገር ጋር እንዲህ ያለ ሙግት ለምን አስፈለገ?

የስቶይኮች ትልቁ ችግር ግን በሥጋ ሕመም ላይ አይደለም። እነርሱ «ሊፔ»ን፣ ማለትም የልብን ሕመም፣ ከሐሰት ፍርድ የሚወለድ በሽታ ያደርጉታል። ለፍርሃት፣ ለምኞትና ለፈንጠዝያ ጠቢቡ የሚይዘው ጤናማ አቻ አላቸው፦ ጥንቃቄ፣ በጎ ፈቃድና እውነተኛ ደስታ። ለሊፔ ብቻ አቻ የለም። ርኅራኄም የሊፔ ዓይነት ነውና አብሮ ይባረራል። እንግዲህ በሌምኖስ የቆመው ወጣት በዚህ ሚዛን በሽተኛ ነው።

ሲሴሮ ልጁ ቱሊያ በሞተችበት በ45 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በጻፈው «የቱስኩሉም ውይይቶች» ይህን ትምህርት ሲያስፋፋ አንድ ቦታ ላይ ይደናቀፋል። ስቶይኩ ክሌአንቴስ ኀዘንተኛን የሚያጽናናው የደረሰብህ ነገር ክፉ አይደለም በማለት ነው። አልኪቢያዴስን ግን እንዴት ያጽናናዋል? አልኪቢያዴስ ሶቅራጥስ ምንም የማይረባ መሆኑን ባሳየው ጊዜ አለቀሰ። የስቶይኮች ትምህርት የሚያውቀው እውነተኛ ክፉ ነገር የነፍስ ጉድለት ነው፤ አልኪቢያዴስም የሚያለቅሰው በዚያው ጉድለት ነው። ኀዘኑ ሐሰት አይደለም። ፍርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሕመሙን አስወግድ ማለት ዕውቀቱን አስወግድ ከማለት በምን ይለያል?

ፕላቶ በ«ሲምፖዚዮን» አልኪቢያዴስን ራሱን ያናግረዋል። በእፉኝት እንደ ተነደፈ ሰው ነኝ፣ የተነደፍሁት ግን በልቤ ነው፣ የነደፈኝም የፍልስፍና ቃል ነው ይላል። ይህ ንጽጽር ከፊሎክቴቴስ እባብ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብዙ ያሳያል። (የሶፎክለስ ትራጄዲ በ409 ሲታይ አልኪቢያዴስ ገና ስደተኛ ስለ ነበር፣ ፊሎክቴቴስ እርሱ ነው የሚሉ ሐያስያን አሉ፤ ተውኔትን እንደ እንቆቅልሽ መፍታት ግን አያስፈልግም።) አልኪቢያዴስ ተነድፎ ምን አደረገ? ጆሮውን ደፍኖ ሸሸ። በ415 ዓመት ተከሶ ወደ ስፓርታ ገባና አገሩን ወጋ። ስለዚህ ሕመም ብቻውን ሰውን አያበጅም፤ ኔዎፕቶሌሞስ በሕመሙ ተመለሰ፣ አልኪቢያዴስ ከሕመሙ ሮጠ። አሪስቶትል በትክክል መታመም ልምድ ይጠይቃል ያለው ለዚህ ነው፤ ለአልኪቢያዴስ ግን መምህሩ ሶቅራጥስ ሆኖ ሳለም ልምዱ አልተገኘም። ይህ የግሪክ ሥነ ምግባር መልስ ያላገኘለት ቁስል ነው።

የአገራችን አንባቢዎች ይህን ጥያቄ ከሩቅ አያዩትም። የግሪክ ጠቢባን ቃል ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ በ«አንጋረ ፈላስፋ» ሲነበብ ኖሯል፤ ፕሮፌሰር ክላውድ ሳምነርም ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች ለሰፊው ዓለም አስተዋውቀውታል። ከእነዚህ ትርጉሞች አንዱ በግሪክኛ ሴኩንዱስ የሚባለው የፈላስፋው ስክንድስ ታሪክ ነው። ስክንድስ በመጽሐፍ ያነበበውን ነገር ሊፈትን እናቱን ማንነቱን ደብቆ በማታለል ፈተናት። እርሷም ልጇ መሆኑን ባወቀች ጊዜ በኀፍረት ራሷን ሰቀለች። እርሱም ይህን ያመጣ ምላሴ ነው ብሎ ዕድሜ ልኩን ዝም ሊል ወሰነ። ንጉሡ ሐድርያኖስ ሊያናግረው ቢሞክር እምቢ አለ። በግሪክኛው ታሪክ ንጉሡ ለሰያፊው ሁለት ትእዛዝ ሰጠ፤ አንዱ በግልጽ፣ ሌላው በምስጢር፦ ሰይፍ አንገቱ ላይ ሆኖ ከተናገረ ግደለው፣ ዝም ካለ መልሰህ አምጣው። የአቴና ፍርድ ቤት በሥቃይ ሊያናግር የፈለገውን ያህል ይህ ንጉሥ ደግሞ በሰይፍ ዝምታን ፈተነ። ስክንድስ አንገቱን ሰጠ፣ ቃሉን ግን አልሰጠም፤ ተመልሶም በመጣ ጊዜ ለንጉሡ ጥያቄዎች የመለሰው በሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነበር።